መረቡ ከፍ ያለበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ደጃፍ ተጎልቼ ነበር። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ሾፌሩ እስኪያስለጥፍ ድረስ ሁላችንም ወርደን እንጠብቃለን። ሠራተኛው የውስጥ ጎማውን በሞረድ ፈገፈገና ማስቲሽ ቀባው። ሽታው አፍንጫዬ እንደገባ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፊቱ ይፈካል ይባላል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ አይተውኝ ኖሯል፣ «ምነው ልጄ፣ መንገዱ ዘገየብሽ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ኳስ ትዝ ብሎኝ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። አልፈርድባቸውም።

ኳሱ የመረብ ኳስ ነው። ቦታውም ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሲወጣ ያለች፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ከተማው ሁሉ «ይማርህ» የሚልባት ትንሽ ከተማ ነች። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን መምህራን የመረብ ኳስ ቡድን ነበራቸው፤ እኔም የዚያ ቡድን ደጋፊ ነበርኩ። ደጋፊ ስል ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ማለቴ አይደለም። ሲሸነፉ ራት አልበላም ብዬ የምተኛ ደጋፊ ነበርኩ። አባቴ መምህር አንተነህ የቡድኑ አምበል ነበር፤ በተሸነፉ ቁጥር ሁለት ቀን አኮርፈዋለሁ።

እንዲህ የምሆንበት ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ እናቴ ከአባቴ ጋር ተጣልታ፣ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ ማርቆስ እህቷ ዘንድ ገብታ ነበር። በምን እንደተጣሉ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር እናቴ «ና ውሰደኝ» ማለት እንደማትወድ፣ አባቴም «ተመለሽ» ብሎ ከሚለምን ምላሱ ቢቆረጥ እንደሚመርጥ ነው። ሽማግሎች በመጡ ቁጥር ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። «ለዚህ ብዬ ተነሥቼ ሄጄ ደጇ ላይ አልቆምም» ይላቸዋል።

ከጥምቀት በኋላ የወረዳው መምህራን ውድድር ተጀመረ። አራት ትምህርት ቤቶች ናቸው የሚወዳደሩት፤ ደህና ሜዳ ያለን እኛ ስለሆንን ጨዋታው ሁሉ እኛ ጋ ነው። ያሸነፈው ቡድን ለዞኑ ውድድር ማርቆስ ይሄዳል ተባለ። አባቴ የዚያን ዕለት ነጭ ሸራ ጫማውን ግቢያችን ውስጥ እያጠበ ጠራኝ።

«ተዋቡ፣ ካሸነፍን ማርቆስ ለኳስ እሄዳለሁ። አንቺንም ይዤሽ እሄዳለሁ። እዚያ ድረስ ሄደን ደግሞ እናትሽን ሳናይ አንመለስም።»

ለኳስ ከሄደ ለምኖ ሄደ አይባልም። ይህን ለመረዳት ትልቅ ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመረቡ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ኳስ ወደ እናቴ የሚሄድ ሆነ።

ችግራችን ታዲያ የሚጀምርልን ሰው ነው።

ጋሽ ደምለው የአራተኛ ክፍል መምህሬ ናቸው። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ግድም ቀርቷቸዋል። መረብ ኳስ የሚባለውን ነገር ወደ ከተማችን ያመጡት፣ የሜዳውን ሁለት ቋሚ እንጨት ከጫካ አስቆርጠው የተከሉት እሳቸው ናቸው። አባቴን አስተምረዋል፤ ርእሰ መምህሩንም አስተምረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰርቭ የሚመታ ሌላ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ትልቅ ሰው በተቀመጠበት ዳቦ የሚቆርስ ሌላ ሰው ይኖራል? እንደዚያው ነው የሚታየው።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል አባቴ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ይሰጣቸዋል።

«ጋሼ፣ ይባርኩልን።»

ጋሽ ደምለው ያማትባሉ። ኳሱንም በአውራ ጣታቸው ያማትቡታል። ከዚያ የሜዳው ዳር ላይ በችካል የተወጠረውን ገመድ በጫማቸው ጫፍ ፈገፍ ፈገፍ ያደርጉታል፤ እኔ ጫማቸውን የሚጠርጉ ይመስለኝ ነበር። ኳሱን በግራ መዳፋቸው አስቀምጠው በቀኝ እጃቸው ከታች ወደ ላይ ይመቱታል። ኳሱም ቀስ ብሎ ይሄድ ይሄድና መረቡ ላይ ጠፍ! ይላል።

ሁልጊዜ መረብ። ደግሞ የሚያቃጥለው ሁልጊዜ አንድ ቦታ መሆኑ ነው፤ ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ። መሬት ለመሬት ቢሄድ ወይም ወደ ጎን ቢወጣ ያልታደሉ ናቸው ብዬ እተወው ነበር። ይኼ ግን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም፤ ሊያልፍ ምንም ሳይቀረው ይወድቃል። የሚጫወቱት ስድስት ሰዎች በየተራ እየዞሩ ስለሆነ የሚመቱት፣ ጥቂት ቆይቶ ተራው እንደገና እሳቸው ላይ ይደርሳል። እንደገና ያማትባሉ፣ እንደገና ጠፍ!

ተመልካቹ «አይዞዎት ጋሼ!» ይላል። ቡድኑም ሁሉ «አይዞዎት ጋሼ!» ይላል። እኔ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። አይዞዎት እያሉ ሰውን መግደል እንደሚቻል የተማርኩት ያኔ ነው።

ድሮ ቢሆን እንኳ ነገሩ ያን ያህል አይከፋም ነበር። ድሮ ሰርቭ ያበላሸ ቡድን የመምታት ተራውን ያጣል እንጂ ነጥብ አይቆጠርበትም። በዚያ ዓመት ግን መምህር ይበልጣል የሚባል ወጣት ከኮሌጅ ተመርቆ መጣ። ከልብሱ በፊት ሻንጣው ውስጥ የከተተው የሕግ መጽሐፍና የሚጠቀለል ሜትር ይመስለኛል። ያበላሸ ሁሉ ነጥብ ይቆጠርበታል፣ አዲሱ ሕግ ይኼ ነው አለ። ቀጥሎ መረቡን ለካ። የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ በእግሬ ረግጬ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

«ይኼ መረብ ለወንዶች አይሆንም፣ አጭር ነው» አለና ገመዱን ፈቶ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ አሰረው።

ጋሽ ደምለው በዚያ ቀን ለቅሶ ሄደው ስለነበር ይህን አላወቁም። ከዚያ በኋላም ስለ መረቡ ያነሣ ሰው የለም። መረቡ እዚያው ሰው ፊት የተንጠለጠለ ነገር ነው። ዐይን እያየው ምን ብሎ ይነገራል?

ክፍል ውስጥ ግን እኔና ጋሽ ደምለው ሌላ ነበርን። ክፍል ውስጥ እወዳቸው ነበር፤ ምክንያቱም እሳቸው እኔን ይወዱኛል። ጠዋት ገብተው ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር እንደያዙ፣ ሳይገልጡት፣ የሃምሳ አራት ተማሪ ስም በቃላቸው ይጠሩታል። አንድም አይሳሳቱም። ማን ቀረ፣ ማን መጣ፣ ከድምፁ ያውቁታል። አንድ ቀን ብርቄ የቀረችውን ጓደኛዋን ተክታ «አቤት» ብትል፣ «ብርቄ፣ አንቺ አንዴ ብለሻል፤ ይበቃሻል» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በአገሩ የለም እንል ነበር።

ከዚያ «ተዋበች፣ ተነሺ አንብቢልን» ይላሉ። አማርኛውንም፣ ኅብረተሰቡንም፣ ሳይንሱንም የማነበው እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደብተር ሲታረም ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ የልጆቹን መልስ ቀስ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልክ» ወይም «ስሕተት» ይላሉ፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ከትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ በኪሱ የሚዞር እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርቄ በዚህ የተነሣ ልታንቀኝ ደርሳለች። እኔ ደግሞ ንባቤ ስለሚያምር ነው ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄድ ነበር። እንዲያ ብዬ ማሰቤን አሁን ሳስታውስ የምገባበት ይጠፋኛል።

ሜዳ ላይም ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ጋሽ ደምለው በቆሙበት በኩል ኳስ ሲመጣ አባቴ ከየትም ይሁን ከየት እየሮጠ ይመጣና «የእኔ!» ብሎ ይነጥቃቸዋል። ሁልጊዜ «የእኔ! የእኔ!» ነው። አንዳንዴ ተንሸራቶ ጉልበቱ ይላጣል። ተመልካቹ «ሆዳሙ አምበል» የሚል ስም አወጣለት። እኔም ከልጆቹ ጋር ሆኜ አፈርኩበት። እቤት ስንገባ «ለምን የሌላ ሰው ኳስ ትወስዳለህ?» አልኩት። ጉልበቱን በሞቀ ውኃ እያጠበ፣ «ኳሱ የቡድኑ ነው» አለኝ። ማምለጫ ፈልጎ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን። ሁለተኛውን በስንት ጣር አሸነፍን። ጾሙ ገብቶ ስለነበር መምህራኑ ከሰዓት በኋላ ድረስ እህል ሳይቀምሱ ነው የሚጫወቱት፤ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ኳሱንም ሰውንም ይገፋል። ሦስተኛውንም አሸነፍን። እያንዳንዱን ግን ያሸነፍነው ከኋላ ተነሥተን፣ ጋሼ የሰጧቸውን ነጥብ እየለቀምን ነው። አሁን ከእኛ እኩል የሆነ አንድ ቡድን ብቻ ቀረ፤ የታችኛው ትምህርት ቤት። ከእነሱ ጋር እንደገና የምንጫወተው እሑድ ነው። የዚያ እሑድ አሸናፊ ማርቆስ ይሄዳል።

ከእሑዱ በፊት ባለው ዓርብ ኳሱ መተንፈስ ጀመረ። ጋሽ ደምለው «ተዋበች፣ ማስቲሹን ይዘሽ ነይ» ብለው አስቀሩኝ። ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ኳሱን ወደ አፋቸው አስጠግተው በዝግታ እያዞሩ በከንፈራቸው ይዳስሱታል። የሚስሙት ነበር የሚመስለኝ፤ ከዚህ ሁሉ ኪሳራ በኋላ ደግሞ ይስሙታል ብዬ ተናደድኩ። ለካ የሚወጣውን አየር ነው በከንፈራቸው የሚፈልጉት። አገኙትና ጣታቸውን አኖሩበት። ማስቲሹን ቀቡ፣ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ለጠፉበትና እስኪይዝ ድረስ በሁለት መዳፋቸው ጨብጠው ቆዩ። ክፍሉ በማስቲሽ ሽታ ታፈነ።

«ተዋበች።»

«አቤት ጋሼ።»

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ክንዴ ደክሞ ነው ወይስ መረቡ ከፍ ብሏል?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት መስኮቱን ነው። የሜትሩን ጫፍ የረገጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ስንዝር ከፍ ማለቱን እንደ ስሜ አውቃለሁ። ግን የዚያን ሰዓት ልቤ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሰበብ እየፈለጉ ነው አልኩ። አራት ሳምንት ሙሉ እናቴን መረብ ላይ ሲጥሉ ከርመው አሁን ደግሞ መረቡ ነው ሊሉ ነው አልኩ። እንዲያማቸው ፈለግሁ።

«መረቡ ያው ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው ክንዴ ነዋ» አሉ። ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት። «እርጅና ነው ልጄ። ተይው።»

የማስቲሹን ክዳን ዘግቼ ወጣሁ። ደስ ብሎኝም ነበር። ይኼንንም መደበቅ አልፈልግም።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ ነጠላ የለበሱ ሰዎች፣ የታችኛው ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ከወረዳ የመጣ ሱፐርቫይዘር ከርእሰ መምህሩ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ። እኔ ድንጋዬ ላይ ነኝ። ጠዋት ልብሴን አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጬ ነው የመጣሁት።

አንደኛውን ዙር አሸነፉን፣ ሁለተኛውን አሸነፍናቸው። የመጨረሻውም እንደ ሌላው እስከ ሃያ አምስት ነው። አባቴ ኳሱን ይዞ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይባርኩልን።» አማተቡ፣ ገመዱን በጫማቸው ፈገፈጉ፣ መቱ። ጠፍ! ዜሮ ለአንድ። እየተከተልን ሄድን፤ አባቴ «የእኔ!» እያለ ሜዳውን ሙሉ እየሮጠ ስምንት እኩል ደረስን። ተራው ጋሼ ጋ ደረሰ። ይህን ጊዜ ኳሱን አልመው፣ ክንዳቸውን ከወትሮው ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ባላቸው ኃይል መቱት። እርጅናውን ሊያሸንፉት ነበር መሰለኝ። ኳሱ ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ ከሜዳው ውጪ ወደቀ። ተቃራኒዎቹ ተከታትለው ሁለት ነጥብ ጨመሩና አባቴ የዕረፍት ደቂቃ ጠየቀ።

እኔ ከድንጋዩ ላይ ወርጄ ሮጥኩ። መምህር ይበልጣል ተቀያሪ ነበር፤ ቡድኑ መሀል ቆሞ በፎጣ እጁን እየጠመዘዘ፣ «እንዴት አንድ እንኳ አይሻገርም? ምን ሆነው ነው?» ይላል ለራሱ።

«አያዩማ!» አልኩ።

ድምፄ እንደዚያ የሚጮህ አልመሰለኝም ነበር። አንዴ ከወጣ ደግሞ የሚያቆመው ጠፋ። «ሰሌዳውንም አያዩም! መጽሐፉን የማነብላቸው እኔ ነኝ! ደብተር የማርመው እኔ ነኝ! ስማችንንም በቃላቸው ነው የሚጠሩት!»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ማወቄን አላውቅም ነበር። ሁሉም ነገር ለየብቻው ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ ስናደድ አንድ ላይ ወጣ።

ሱፐርቫይዘሩ ወደ ርእሰ መምህሩ ዘወር አለ። አባቴን አየሁት። የደነገጠ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሲደብቀው የኖረው ዕቃ እጁ ላይ የተሰበረበት ሰው ፊት ነው። «ተዋቡ» አለ ብቻ፣ በዝግታ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ «የእኔ! የእኔ!» ምን እንደነበር ገባኝ።

ርእሰ መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቢያርፉ…» ሲል አባቴ «ጋሼ ይቀጥላሉ!» ብሎ አቋረጠው።

ጋሽ ደምለው ግን ኳሱን ከመሬት አንሥተው ይዘውት ነበር። «አንተነህ፣ የት ነህ?» አሉ። ኳሱን የዘረጉት አባቴ ወዳልነበረበት በኩል ነው። አባቴ ሮጦ ሄዶ እጃቸው ፊት ቆመ። «ወጣቱ ይጀምር» አሉትና ሰጡት። ከዚያ የሜዳውን ገመድ በእግራቸው እየተከተሉ መውጣት ጀመሩ። ገመዱ ጥግ ላይ ሲያልቅ እሳቸውም ቆሙ። ወዴት እንደሚሄዱ አላወቁም። ያ ሁሉ አስተምረው ያሳደጉት ሰው ዳር ቆሞ ያያቸዋል፤ እጃቸውን ለመያዝ የሚደፍር አንድ ሰው ጠፋ። እጃቸውን መያዝ እኮ አያዩም ማለት ነው። በመጨረሻ ከልጆች መሀል ብርቄ ወጣችና ክንዳቸውን ይዛ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። እኔ እዚያው እንደተገተርኩ ነኝ።

መምህር ይበልጣል ገባ። የመምታት ተራው ሲደርሰው ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ዘሎ፣ በመጽሐፉ እንደተጻፈው ከላይ መታው። ኳሱ ከመረቡ በላይ ርቆ አለፈ። ከሜዳውም አለፈ። ገብሱ ታጭዶ የተነሣ ማሳ ውስጥ ገብቶ ልጆች ፈልገው አመጡት። ተራው እንደገና ሲደርሰው ያንኑ ደገመው፤ በዚህ ጊዜ ማሳውንም አቋርጦ ሄዷል። ሜትር ያለው ሰው የሜዳውን ርዝመት ረሳው። ሃያ አምስት ለሃያ ሁለት ተሸነፍን። ስንት ሳምንት ሙሉ «እኝህ ሰው ባይጀምሩልን» እያልኩ ስቃጠል የከረምኩ ደጋፊ፣ የሌላውን አጀማመር አየሁት።

እቤት ስንገባ በሩ አጠገብ ያለውን ፌስታል አባቴ አየው። አንሥቶ ልብሴን አንድ በአንድ አውጥቶ ሳጥን ውስጥ መለሰው። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ‹ሐኪም ካየኝ ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀት ከተጻፈ ክፍሌን ይወስዱብኛል። አንዲቱን ዓመት ብቻ ሸፍነኝ› አሉኝ። እኔ ሸፍኛቸው ነበር።»

«መረቡ ከፍ ማለቱን ለምን አልነገርካቸውም ታዲያ?»

የሳጥኑን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«እንዴት ብዬ?» አለ በመጨረሻ። «መረቡ ከፍ ብሏል ካልኳቸው አያዩም ማለቴ አይደለም?»

ለአንድ ስንዝር ነው ይህ ሁሉ። ከአምበል እስከ ተቀያሪ፣ ከርእሰ መምህር እስከ ተመልካች፣ መረቡ ከፍ ማለቱን የማያውቅ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁላችንም ስላከበርነው አልነገርነውም። አባቴ ያልነገራቸው አክብሮ ነው። እኔ ግን ጠይቀውኛል። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ለማንም አልነገርኩም። አባቴ በዚያ ዓመት ማርቆስ አልሄደም። እናቴም አልመጣችም።

ሰኞ ወረቀቱ መጣ። ጋሽ ደምለው ከረቡዕ ጀምሮ ክፍሉን ለሌላ መምህር አስረክበው፣ ጡረታቸው እስኪደርስ መጻሕፍት ግምጃ ቤት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ማየት ያቃታቸውን ሰው መጽሐፍ መሀል አስቀመጧቸው።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆች ሁሉ ከሄዱ በኋላ ቀይ እስክሪብቶዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ጋሽ ደምለው ሜዳው ላይ ብቻቸውን ናቸው። አንዱን ቋሚ እንጨት በእጃቸው ይዘው፣ ከእሱ ወደ መረቡ ተሻገሩ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ራሳቸው የሰቀሉት መረብ ስለሆነ የት እንደሚያልቅ ክንዳቸው ያውቀዋል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ከላይኛው ጠርዝ በላይ ማለፍ ነበረበት። አላለፈም። በእግራቸው ጣቶች ቆመው ተንጠራሩ። አሁንም መረብ ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ አኖሩና፣ ያ ሽማግሌ ሰው፣ ማንም የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ትንሽ ዘለሉ። ጠርዙን በጣታቸው ነካ አድርገው ወረዱ። ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ዘርግተው፣ አየር ላይ እንዳለ፣ ያን አንድ ስንዝር ለኩት። እጃቸውን እንዲያ እንደዘረጉ ብዙ ቆሙ። እስክሪብቶዬን ሳልወስድ ዞሬ ሄድኩ።

ማክሰኞ የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። ገቡ፣ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ፣ ስም መጥራት ጀመሩ። እንደ ወትሮው አንድም አልተሳሳቱም። እኔ ሃያ ሦስተኛ ነኝ። ከእኔ በፊት ብርቄ ናት፤ ከእኔ በኋላ ትሁን።

«ብርቄ።»

«አቤት።»

«ትሁን።»

ሃምሳ ሦስት ልጅ ዞሮ አየኝ። ትሁን እኔን እያየች አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ረስተውኝ ይሁን ትተውኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ረስተው አያውቁም። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«አለሁ ጋሼ» አልኩ፣ ሳልጠራ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። የሚቆጡኝ መሰለኝ። ቢቆጡኝ ብዬም ተመኘሁ። ደብተሩን ብብታቸው ሥር አስተካከሉት።

«ትሁን» አሉ እንደገና።

ትሁን «አቤት» አለች።